«አይደለሁም» ያሉት ሸማኔ

የያዙኝ ከክፍል ስወጣ ነው። ጣቶቼ ላይ ገና ጠመኔ ነበር። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ከመምህራን ማረፊያው ደጃፍ ቆመው፣ «መምህር፣ ለአምስት ደቂቃ እንፈልግህ ነበር» አሉኝ። በዚያ ሰኔ ጎንደር ውስጥ «አምስት ደቂቃ» ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ጃኬቴን ከወንበሬ ላይ ላንሳ ብዬ ስዞር አንደኛው ክንዴን ያዝ አድርጎ፣ «ተወው፣ አይበርድህም» አለኝ። ድምፁ ክፋት አልነበረበትም። እንዲያውም የሚያጽናናኝ ይመስል ነበር።

የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት አዲስ ዓለም፣ እስላሞቹ ሰፈር ነው። ከመያዜ በፊት በነበሩት ሳምንታት በየሰዉ ስልክ አንድ ቪዲዮ ይዞር ነበር። ነጭ ጥምጥም ያሰሩ ሽማግሌ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ሲናገሩ ያሳያል። ምድር በግፍ እንደተሞላች ሁሉ በፍትሕ የሚሞላት ሰው አላህ ይልካል ይላሉ። ንግግራቸው እዚያ ላይ ይቆረጥና ፊታቸው ስክሪኑ ላይ ቀጥ ብሎ ይቀራል፤ ከሥሩ «እሱ መጥቷል» የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል። ከጀርባው አንጀት የሚበላ የነሺዳ ዜማ አለ። ተማሪዎቼ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ «መምህር፣ መህዲ ማለት ምንድን ነው?» እያሉ ያስቸግሩኝ ጀመር። ክፍል ውስጥ በአጭሩ መለስኩላቸው። ሰፋ ያለውን ፌስቡክ ገጼ ላይ ጻፍኩት።

የጻፍኩት ትምህርት ነበር። በሱዳን «መህዲ ነኝ» ብሎ የተነሣውን ሰው ሕዝቡ የተከተለው ጎራዴ ፈርቶ ብቻ እንዳልነበረ ጻፍኩ። ግብር ያጎበጠው፣ ባዕድ የሚገዛው፣ ሃይማኖቱን ሹመኞች ያበላሹበት የመሰለው ሕዝብ «የሚያስተካክል መጣ» ሲባል ግልብጥ ብሎ እንደወጣ፤ የዚያ ጦር፣ እኛ ድርቡሽ የምንለው፣ ወደእኛም ዘልቆ ጎንደርን እንዳቃጠለ፤ በኋላ ባቡርና መትረየስ ይዞ የመጣ ኃይል እንደጨረሰው፤ ተስፋው ግን እንዳላለቀና ዛሬ በስልክ እንደሚመጣ አስረዳሁ። መጨረሻው ላይ፣ «ሰው መህዲን አጥብቆ የሚጠብቀው ፍትሕ ሲጠፋ ነው» አልኩ።

መርማሪው ይህቺን ዓረፍተ ነገር በቃሉ ይዟት ነበር። መልከ መልካም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው።

«የትኛው ፍትሕ ነው የጠፋው?» አለኝ።

«ስለ ሱዳን ነው የጻፍኩት።»

«ሱዳን ውስጥ ፍትሕ ቢጠፋ አንተን ምን አገባህ?»

ይዘውኝ ወረዱ።

ያስገቡኝ ክፍል በጣሊያን ጊዜ ዕቃ ማከማቻ የነበረ ነው። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ፣ ጣሪያው ሩቅ። መስኮቱ ከሰው ቁመት በላይ ያለች ጠባብ ስንጥቅ ናት። አንድ አምፖል ቀንም ሌትም ይበራል። መጀመሪያ የገጠመኝ ሽታው ነው፤ የረጠበ ሱፍ፣ በረኪና፣ ጥግ ላይ ያለው የሽንት ባሊ። በመስኮቷ በኩል ከሰማይ በቀር ምንም አይታይም፤ ግን ሁሉም ነገር ይሰማል። የባጃጅ ጥሩምባ፣ ሳሙና የሚሸጥ ሰው፣ ከአንድ ወገን አዛን፣ ከሌላው ወገን የቅዳሴ ድምፅ ማጉያ። ከተማዬ እዚያው ግድግዳው ማዶ ኑሮዋን ትኖራለች። እኔ ደግሞ በእጄ ልነካት በማልችለው ቅርበት ተቀምጬ እሰማታለሁ። እንደዚያ ያለ መታፈን ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

ሁለት ሰዎች ቀድመውኝ ነበሩ። አንዱ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣ ገበሬ ነው። በዕድሜ ስለሚበልጠን «አያ» አልነው፤ እሱም በዚያው ተስማማ። ማተቡ አንገቱ ላይ፣ ጋቢው ትከሻው ላይ። ገብስ ሊሸጥ ሲመጣ ፍተሻ ላይ ከአውቶቡስ አውርደው ነው የያዙት። «የሚስቴ ወንድም ጫካ ገባ፤ እኔ ደግሞ እዚህ ገባሁ» አለኝ ስጠይቀው። ስለ ራሱ ጉዳይ ከዚያ በላይ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ሁለተኛው ሠላሳዎቹን የጀመረ፣ ቀጠን ያለ፣ ጺማም ሰው ነው። በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመርቆ ሥራ አጥቶ ባጃጅ ይነዳ ነበር። እኛ «መሐንዲሱ» እንለው ነበር። ያን ቪዲዮ ብዙ ሰው ወዳለበት የቴሌግራም ቡድን የላከው እሱ ነው ተብሎ ነው የተያዘው። ጎን ለጎን ቆመን እንሰግዳለን፤ ከሰላምታ በኋላ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። አንድ ቀን ሳልጠይቀው፣ «ጽሑፍህን አንብቤዋለሁ» አለኝ። «ታውቃለህ፤ ግን አታምንም።»

ሼሁ የመጡት አንድ ቀን ጠዋት፣ ቆጠራ እንዳበቃ ነው። የብረቱ በር ተከፈተና ዘበኛው፣ «ይኸው፣ ድርቡሹን አመጣንላችሁ!» ብሎ አንድ ሽማግሌ ገፋ አድርጎ አስገባ። በሩ ተዘጋ።

ወዲያው አወቅኳቸው። በቪዲዮው ከሚታዩት አነስ ያሉ ሰው ናቸው። ጥምጥማቸው የለም፤ ሽበታቸው ወደ አንድ ወገን ተጣብቋል። ቀበቶአቸውን ስለወሰዱባቸው ሱሪያቸውን በግራ እጃቸው ጨብጠው ነው የቆሙት። እንደዚያ እንዳሉ ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «አሰላሙ ዓለይኩም» አሉ፤ የአያን ማተብ ሲያዩ ደግሞ፣ «እንደምን አደርክ ወንድሜ» አሉት።

አያ አልመለሰላቸውም። ጋቢውን ሰብስቦ ተነሣና ውኃ ከሚያንጠባጥበው ጥግ ሄዶ ተቀመጠ።

«ምነው አያ?» አልኩት።

«ድርቡሽ አላለም ዘበኛው? የቅድማያቴን ደብር ያቃጠለ ስም ነው። ከአንዱ ደብር ንቦች ወጥተው ባይነድፏቸው ኖሮ እዚህ ከተማ ውስጥ አንድ ቤተ ክርስቲያን አይተርፍም ነበር። ከእሱ ጎን አልተኛም።»

ሼሁ ሰምተዋል። ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«እውነቱን ነው» አሉ ወደኔ ዞረው። «የኛንም ቤት አቃጥለውታል። አያቴ ሲነግሩን፣ ድርቡሽ ሲመጣ ከክርስቲያን ጋር የምትኖሩ ከሐዲዎች ናችሁ ተባልን፤ ድርቡሽ ሲሄድ ደግሞ እናንተ ድርቡሾች ተባልን ይሉ ነበር። በሁለቱም ጊዜ ቤታችንን ጥለን ሸሸን ይሉ ነበር።»

አያ ቀና ብሎ አያቸው። ወደ ቦታው ግን አልተመለሰም።

ይህ ሁሉ ሲሆን መሐንዲሱ ከነበረበት አልተነቃነቀም። ዓይኑ ሼሁ ላይ ተተክሎ ቀርቷል። ከዚያ በጉልበቱ እየዳኸ ቀረበና የሱሪያቸውን ጫፍ ሊስም ጎንበስ አለ። ሼሁ ፍም እንደነካው ሰው እግራቸውን ሰበሰቡ።

«ተነስ ልጄ! ተነስ፤ ሸማኔ ነኝ እኔ።»

«እንደሚሉ ተነግሯል» አላቸው።

«ምን ተብሎ?»

«እሱ ራሱ አይደለሁም እንደሚል። ሰዉ ነው ሳይወድ በግድ የሚይዘው ተብሏል።»

«እሺ፣ ነኝ ብልህስ?»

«ነኝ ካሉማ ነዎት።»

«አይደለሁም ብልህስ?»

«እሱም ምልክት ነው።»

ሼሁ አዩት። ቁጣ አልነበረባቸውም። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «አንተ የተማርክ ትመስላለህ» አሉኝ። «ይኼ በር በየት በኩል ነው የሚከፈተው?»

መሐንዲሱ ምልክቶቹን መቁጠር ጀመረ። የሼሁ ስም የነቢዩ ስም ነው፤ የአባታቸውም ስም የነቢዩ አባት ስም። ግንባራቸው ሰፊ፣ አፍንጫቸው ሰልካካ፣ ጉንጫቸው ላይ ጥቁር ነጥብ። ጥግ ላይ ሆኖ አያ ጣልቃ ገባ።

«ሰፊ ግንባርና ሰልካካ አፍንጫማ እኔስ አለኝ» አለ። «ወገራ ብትወጣ ስንቱን ታገኝ ነበር።»

ሼሁ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ። አያም ሊስቅ ብሎ ከንፈሩን ነከሰ። መሐንዲሱ ብቻ አልሳቀም።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ ያን ጠዋት ነገሩን። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሸማ ጉድጓድ አልወጡም። ቁርአን ቀርተው የተማሩት በልጅነታቸው ነው፤ ሼህ የሚላቸው ሰፈሩ ነው እንጂ ተሹመው አያውቁም። የጎረቤታቸው ልጅ በዚያ ሰሞን ተኩስ መንገድ ላይ ተመትቶ ሞተ። ማን እንደመታው አይታወቅም፤ የጠየቀም የለም። ለቅሶ ላይ እናቲቱ ደረቷን እየመታች፣ «የሚፈርድልኝ ሰው የለም ወይ?» ትላለች።

«ለእሷ ነው የተናገርኩት» አሉ። «ከሸሆቼ የሰማሁትን። አላህ የሚፈርድ ይልካል አልኳት። ሌላ ምን ልበላት? አጠገቤ ያለው ሰው ስልክ ይዟል፤ ሰዓት የሚያይ መስሎኝ።»

ከዚያ ወዲያ ሰው ወደ ደጃቸው ይጎርፍ ጀመር። ታማሚ የተሸከመ፣ ውኃ በሃይላንድ ይዞ «እፍ ይበሉልኝ» የሚል፣ ከሩቅ በሌሊት ተነሥቶ የመጣ። አይደለሁም ቢሉ የሚሰማ ጠፋ። ከሸማ ዕቃቸው ላይ ድሩን ሳይቀር ለበረከት እየቆረጡ ወሰዱባቸው፤ ሥራ ፈቱ። አንድ ቀን ጠዋት ግቢው ጭር አለ። ሲወጡ የሚጠብቃቸው ፖሊስ ነው።

«ደስ አለኝ» አሉ። «ወላሂ መጀመሪያ ላይ ደስ አለኝ። ሰዉን የሚመልስልኝ መስሎኝ ነበር።»

ቀትር ላይ ስሜን ጠሩ። መርማሪው ጠረጴዛው ላይ ሻይ አስቀምጦልኛል። ስኳሩ የበዛ፣ ትኩስ ሻይ። ላለመጠጣት ፈልጌ ነበር፤ ጠጣሁት።

«ሽማግሌውን አገኘኸው?» አለኝ። «ከሰዓት እንቀርጸዋለን፤ በቴሌቪዥን ይቀርባል። አማርኛ ማንበብ አይችልም፤ ስለዚህ የሚለውን አንተ በቃሉ ታስይዘዋለህ። አስተማሪ አይደለህ? ሙያህ ነው።»

ወረቀት አልሰጠኝም። እሱ እየተናገረ እኔ እንድደግም አደረገኝ፤ እንደ ተማሪ። መህዲ አይደለሁም። ሕዝቡን ሆን ብዬ አታልያለሁ። ከውጭ አገር የላኩኝ ሰዎች አሉ። ለቅሶው የተጠራው መሣሪያ ለማከፋፈል ነው። መንግሥትንና ሕዝብን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

«ጥሩ ከወጣ» አለኝ ስነሣ፣ «ማታ ቤትህ ነህ። ባለቤትህ ልትወልድ ነው አሉ።»

ይህን ሲል ፈገግ አለ፤ የመልካም ጎረቤት ፈገግታ።

ወደ ክፍሉ ተመለስኩ። ሼሁ አጠገብ ተቀምጬ የተባልኩትን አንድም ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። «መሣሪያ» የሚለው ላይ ስደርስ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ለአንተስ ምን አሉህ?» አሉ ስጨርስ።

ልዋሻቸው አልቻልኩም። «ማታ ትወጣለህ አሉኝ።»

«ቤተሰብ አለህ?»

«ባለቤቴ ቀኗ ደርሷል። የመጀመሪያችን ነው።»

ከመስኮቷ በኩል አንዲት ሴት የሆነ ሰው ስም እየጠራች ስትሮጥ ትሰማለች። ሼሁ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉና ዝግ ብለው፣ «ለአንተ ብዬ ልበለው?» አሉኝ። «እኔ አርጅቻለሁ። ከዚህ ወዲያ ምን ያደርጉኛል?»

መሐንዲሱ ከተቀመጠበት ተነሣ። «እንዳይሉ! እንዲህ ያለ ቃል ከእርስዎ አፍ...»

«ዝም በል አንተ» አሉት። «መምህሩን ነው የጠየቅሁት።»

ወዲያው አልመለስኩም። ቤቴ ታየኝ፤ ባለቤቴ ወገቧን ይዛ በሩ ላይ ቆማ። ማታ የሚለው ቃል ሰፊ ሜዳ ሆኖ ታየኝ። ሦስቱም ያዩኛል። ይህን ክፍል ባሰብኩ ቁጥር የምሰማው የዚያን ዝምታ ርዝመት ነው። በመጨረሻ የመለስኩት ጀግና ስለሆንኩ አይደለም፤ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ስለታየኝ ነው።

«አይሆንም ሼህ» አልኳቸው። «ለቅሶው ለመሣሪያ ነው ካሉ፣ እዚያ ድንኳን ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ ይያዛል። እናቲቱም ትያዛለች።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። እጃቸውን ከጉልበቴ ላይ አላነሱም።

ይሄን ጊዜ ነው አያ ከጥጉ የተነሣው። መጥቶ ከፊታቸው ተቀመጠ። «ሼህ» አላቸው፤ ሲያናግራቸው የመጀመሪያው ነው። «የፊተኛይቱን ቃል ብቻ ይበሉ። እሷ ሸጋ ናት፤ እውነት ናት። የቀረው የርስዎ አይደለም፤ ለባለቤቱ ይመልሱለት።»

«እንደሱ ነው የማደርግ» አሉት።

አያ ሱሪያቸውን የጨበጠውን ግራ እጃቸውን አየ። «ሱሪዎን ይዘው ነው እንዴ የሚቆሙት እሰው ፊት?» አለ። መልስ አልጠበቀም። የጋቢውን ጫፍ ወደ አፉ አምጥቶ በጥርሱ ቆረጠና እየጎተተ ይሰነጥቀው ጀመር። ጨርቁ ሲቀደድ ክፍሉ ውስጥ ከባድ ድምፅ ሰጠ። ቁራጩን አጣምሮ ጠመዘዘና ከአጠገባቸው ተንበርክኮ ወገባቸውን አሰረላቸው፤ ሁለት ጊዜ ጎትቶ መጥበቁን አየ።

ሼሁ ቁራጩን በጣታቸው ዳሰሱት። ሙያቸው ነውና ማለፍ አልቻሉም። «የኔ እጅ አይደለም» አሉ። «ግን ጥሩ አድርጎ ሸምኖታል። ማን ነው?»

«እንጃ። የኛ አገር ሸማኔዎች ቤተ እስራኤሎች ነበሩ። እነሱ ወደ እስራኤል ከሄዱ ወዲህ ከገበያ ያገኘነውን ነው የምንለብስ።»

«ወይ ጉድ» አሉ ሼሁ። «እነሱም ስንት ዘመን ጠበቁ።»

የቀትሩ የዙህር ሰላት ሰዓት ሊያልፍ ነበር። ለመታጠብ የሚበቃ ውኃ ስላልነበረን ግድግዳውን በመዳፋችን ነካ ነካ አድርገን ፊታችንንና እጃችንን በአፈሩ አበስን። መሐንዲሱ ሼሁ እንዲያሰግዱን ወደ ፊት ቦታ ለቀቀላቸው። እምቢ አሉ፤ በትከሻው ይዘው እሱን ፊት አቆሙት። አሰገደን። ድምፁ ሁለት ጊዜ ተቆረጠ። ጨርሰን ስንዞር ፊቱ በእንባ ታጥቦ ነበር፤ ሼሁን እያየ፣ «ትሕትናዎም...» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። እሳቸው በድካም ጭንቅላታቸውን ወደ ግድግዳው አስደገፉ።

ሁለታችንን አንድ ላይ ወሰዱን። ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ተሰቅሏል፤ ስልክ በመቆሚያ ላይ፣ ከጎኑ ዓይን የሚያጠፋ መብራት። ጥምጥማቸውን መልሰው ሰጧቸው፤ ከቪዲዮው ጋር እንዲመሳሰል። ቀስ ብለው ጠመጠሙት። እኔን ከስልኩ አጠገብ አቆሙኝ፤ ሲረሱ እንዳስታውሳቸው።

«መህዲ አይደለሁም» አሉ። ጥርት ያለ ድምፅ ነበር።

መርማሪው በጣቱ ቀጥል አለኝ። ዓይኔን መሬት ላይ አሳረፍኩ። ወለሉ ጣሊያን ያነጠፈው ቀይ ሸክላ ነው፤ አንዱ ተሰንጥቋል።

«መምህር» አለኝ መርማሪው ዝግ ብሎ።

«የሚያውቁትን ብለዋል» አልኩ።

ሊናገር አፉን ሲከፍት ሼሁ ቀደሙት። ወደ ስልኩ ነው የሚያዩት። «ሸማኔ ነኝ» አሉ። «ለአንዲት እናት የነገርኳት ቃል አለ፤ ዛሬም ብትጠይቀኝ ያንኑ እነግራታለሁ። እናንተ የምትከተሉኝ፣ ወደየቤታችሁ ግቡ። እናንተ የያዛችሁኝ፣ እኔም ቤቴ ልግባ። ሁለታችሁም ልቀቁኝ።»

መርማሪው ሄዶ የስልኩን ዓይን በመዳፉ ሸፈነው።

ያን ማታ ቤቴ አልገባሁም። ሼሁን በሌላ በር ይዘዋቸው ወጡ፤ ወደኛ አልተመለሱም። እኔ ላይ ስለደረሰው ብዙ የምለው የለም፤ ለጥቂት ቀናት በጎኔ መተኛት አልቻልኩም ነበር። መሐንዲሱ ምን እንዳሉ ጠየቀኝ፤ ቃል በቃል ነገርኩት።

«'ወደየቤታችሁ ግቡ' አሉ?»

«አሉ።»

«'ልቀቁኝ' አሉ?»

«እናንተንም እነሱንም።»

«ይሄስ ምልክት ነው?» ብዬ ልጠይቀው ፈልጌ ነበር። ፊቱን ሳየው ተውኩት። ግድግዳውን እያየ ተኛ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሊውን እሱ ነበር የሚያወጣው፤ ተራ የሚባል ነገር ቀረ።

በቴሌቪዥን የወጣው የመጀመሪያዋ ቃል ብቻ እንደሆነ ኋላ ሰማሁ። ቀሪውን ጋዜጠኛው ሞላው። በዚያው ቀን ያቺው ቁራጭ በየስልኩ ዞረች፤ ከሥሯ «አስገድደው አስካዷቸው» ተብሎ ተጽፎባታል። ያመኑት ይበልጥ አመኑ። የፈሩትም ይበልጥ ፈሩ።

ሐምሌ ውስጥ ከቤት የመጣልኝን ስንቅ ስከፍት ገንፎ ሆኖ አገኘሁት። ማንም ምንም አልነገረኝም፤ መንገርም አላስፈለገም። አያ ሳህኑን ሲያይ ብድግ ብሎ፣ «እሰይ! እንኳን ማርያም ማረችልህ!» አለኝና ትከሻዬን ሳመኝ። ወንድ ይሁን ሴት ሳናውቅ ሦስታችንም በላን። ሴት ነበረች። ያየኋት ከመስቀል በኋላ ስፈታ ነው።

ይህ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አለፉ። ወደ ማስተማሩ ተመልሻለሁ። ፌስቡክ ላይ አልጽፍም። የድርቡሽ ምዕራፍ ላይ ስደርስ ተማሪዎቼ ሁልጊዜ፣ «ሰውዬው አታላይ ነበር ወይስ ያምን ነበር?» ይሉኛል። ስለ ግብሩም፣ ስለ እሳቱም፣ ስለ መትረየሱም እነግራቸዋለሁ። ስለሚጠብቀው ሕዝብ ስናገር ግን ድምፄ እንደሚቀንስ ራሴ ይታወቀኛል። የሚጠብቁ ሰዎችን ከመጽሐፍ ብቻ ሳውቃቸው መናገሩ ይቀለኝ ነበር። መሐንዲሱ ባጃጁን ይነዳል። አንድ ጊዜ አሳፍሮኝ ሲሄድ፣ «አሁንም ትጠብቃለህ?» አልኩት። «እጠብቃለሁ» አለኝ መንገዱን እያየ። «ሰው ግን አልከተልም።» አያ ከኔ ቀድሞ ተፈታ፤ አልተገናኘንም። ወደ ደባርቅ ስሄድ አምባ ጊዮርጊስ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ከገበያተኛው መሐል ፊቱን እፈልጋለሁ።

ሼሁም ከተፈቱ ቆይተዋል፤ ባለፈው ወር ልጠይቃቸው ሄድኩ። በሩ ከውስጥ ተቆልፎ ነው የሚውል፤ ልጃቸው በቀዳዳ አይታ ከፈተችልኝ። የሸማ ዕቃቸውን መስኮት ወደሌለው ውስጠኛ ክፍል አስገብተውታል። ጁምዓ መስጊድ መሄድ ትተዋል፤ ከሄዱ ሰው ከኋላቸው ይሰለፋል፤ እሱን ደግሞ የሚያይ ሰው አለ። «እዚያ እንኳ መስኮት ነበረን» አሉኝ፤ ሳቁ።

እያወራን በሩ ተንኳኳ። ከበር ውጭ የሴት ድምፅ ነው። ከገጠር መጥታለች፤ ልጄ ታማብኛለች፣ አንድ ጊዜ እጃቸውን ብቻ ያሳርፉባት ትላለች። ልጃቸው እንደለመደችው፣ «የሉም» ብላ መለሰች። ሴትየዋ አልሄደችም። ሕፃኗ ታቃስታለች፤ ትንፋሿ አጭር አጭር ነው፤ ከውስጥ ይሰማናል።

ሼሁ ሽመናቸውን አቁመው አዳመጡ። «ብትድን እሱ ነው ይላሉ» አሉኝ። «ባትድን ስላልነካኋት ነው ይላሉ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ታዲያማ ልጅቷ መታከም አለባት» ብለው ተነሡ።

በሩን ራሳቸው ከፈቱት። እጆቻቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ደፉ ላይ ቆሙ። እናቲቱ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል፣ «ቁሚ ልጄ» አሏት። «እኔ ሸማኔ ነኝ። ሐኪም ቤት ውሰጃት። አሁኑኑ። ይኼ ሰው ያደርስሻል።»

አደረስኳቸው። ሐኪሟ የሳንባ ምች ነው አለች፤ ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ አስቸጋሪ ነበር አለች። መድኃኒቱ ተሰጣት። ወደ ማታ የሕፃኗ ትንፋሽ ረገብ አለ። እናቲቱ አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀምጣ ስታያት ቆየችና ወደኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ እሳቸው በር ላይ የተናገሩት ምን ነበር? ደንግጬ በደንብ አልሰማሁትም።»

«'ሐኪም ቤት ውሰጃት፣ አሁኑኑ' ነው ያሉሽ።»

ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ቃሉን እንዳይጠፋባት ደጋግማ፣ እንደ ዱዓ፣ በቃሏ እየያዘችው ነበር።